የስድስት ወር ቀጠሮ

ተከዜ ከደጋው ወርዶ የሁመራን ቆላ ሲያካልል ሰቲት የሚል ስም ይደርባል፤ በዚሁ ስም ወደ ሱዳን ዘልቆ ከአትባራ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። ወድ ኤል ሒለው በዚህ ወንዝ አካባቢ የምትገኝ፣ በአስተዳደር ከከሰላ የምትቆጠር፣ በኑሮና በገበያ ግን ከገዳሪፍም ከሁመራም ያልተለየች ቆላማ ስፍራ ናት። መሬቱ ዋልካ ነው፤ በክረምት እግርን ይዞ አይለቅም፣ በበጋ ደግሞ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በላዩ ግራርና ሱዳኖች ሂጅሊጅ የሚሉት እሾሃም ዛፍ በቅሏል። ሰሊጥና ማሽላ በብዛት የሚመረተው በዚህ አፈር ላይ ስለሆነ፣ ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከትግራይ የቀን ሠራተኛው በየዓመቱ ወደዚህ ቆላ ይወርዳል። ሌሊቱን የሚያሳልፈው ሜዳ ላይ፣ ብዙ ጊዜም ከዛፉ ሥር ነው።

ስደተኛውም የሚሻገረው በዚሁ በኩል ነው። በ1984 እና በ1985 ድርቁና ጦርነቱ ያፈናቀለው ሕዝብ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ሲጎርፍ ወድ ኤል ሒለው ከመጠለያዎቹ አንዷ ነበረች። በኅዳር 2020 በትግራይ ጦርነት ምክንያት ሰቲትን የተሻገሩት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መጀመሪያ ያረፉባት ሐምዳይትም በወድ ኤል ሒለው ወረዳ የምትገኝ ናት። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለ ስፍራ ሰው የሚቆጠርበት ስፍራ ነው። ስንት ገባ፣ ስንት ታመመ፣ ስንት ሞተ እየተባለ በየመዝገቡ ይሰፍራል። ከመዝገቡ አብዛኛው በዚያው ይቀራል። ጥቂቱ ግን ተጣርቶ፣ ተሰልቶ፣ በሕክምና መጽሔት ላይ ይታተማል። ይህ የመጨረሻው ነገር፣ ማለትም የታመመን ሰው ቁጥር ወደ ታተመ ጽሑፍ የመለወጡ ሥራ፣ ከሩቅ ሲታይ የምሁራን የማዕረግ ጉዳይ ይመስላል። በእርግጥም ለማዕረግ ብቻ የሚጻፍ አይጠፋም። በዚህ ድንበር የሆነውን የሚያውቅ ሰው ግን ነገሩን እንዲያ አቅልሎ አያየውም።

በ1989 የዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት በሱዳንና በሶማሊያ መጠለያዎች በነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች መካከል ስለታየው ስከርቪ አንድ ጥናት አትሞ ነበር። ስከርቪ ድድ የሚያደማ፣ መገጣጠሚያ የሚያሳብጥ፣ መንስኤውም የቫይታሚን ሲ እጥረት የሆነ በሽታ ነው። ቀድሞ የረጅም ጉዞ መርከበኞች ሕመም ተብሎ ይታወቅ ነበር። ጥናቱ ያሳየው ነገር ለማንም ደስ የሚል አልነበረም። በበሽታው የመያዝ ዕድል ከፍ የሚለው በመጠለያው ብዙ ጊዜ በቆየው ሰው ላይ ነበር። እህል፣ ጥራጥሬና ዘይት ብቻ የያዘው ራሽን ነፍስ ያቆያል፤ ቫይታሚን ሲ ግን በውስጡ የለም። ስለዚህ ስደተኛው በራሽኑ ላይ ብቻ በኖረ መጠን ከረሃቡ እያመለጠ በስከርቪ ይያዝ ነበር። ይህን በየመጠለያው ያለ ጤና ረዳት በዓይኑ አይቶት ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ አንድ ጤና ረዳት «ሰዎቹ ድዳቸው እየደማ ነው» ቢል የሚሰማው አለቃው ብቻ ነው። ተቆጥሮና ተነጻጽሮ ሲታተም ግን ራሽን የሚመድበው ክፍል ሁሉ መልስ መስጠት ይኖርበታል።

በእኛም አገር የመድኃኒትን ነገር በጽሑፍ ማኖር አዲስ አይደለም። በብራና የተጻፉት የመድኃኒት መጻሕፍት ሥሩን፣ ቅጠሉን፣ የአወሳሰዱን ቀንና መጠን ይዘረዝራሉ። መድኃኒቱ የታመነበት እንደሆነም «ፍቱን» ይባላል። ቃሉ ግሩም ነው፤ የተፈተነ ማለት ነውና። ነገር ግን በስንት ሰው ላይ ተፈተነ? ከወሰዱት መካከል ስንቱ ዳነ፣ ስንቱስ ቀረ? መጻሕፍቱ ይህን አይመልሱም፤ ከዕውቀት ማነስ ሳይሆን የተጻፉበት ዓላማ ሌላ ስለነበረ ነው። ዘመናዊው የጥናት ጽሑፍ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ያልዳነውን ሰው ከዳነው እኩል አድርጎ መጻፍ ግዴታው ነው። ይህን ግዴታ ከባድ የሚያደርገው ምን እንደሆነ ለማየት ከካላ አዛር የተሻለ ምሳሌ በዚህ አካባቢ አይገኝም።

ካላ አዛር ከሕንድ የመጣ ስም ሲሆን ጥቁር ትኩሳት ማለት ነው። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የሚባለው ከትንኝ የሚያንስ ነፍሳት ነው፤ መኖሪያውም ያው የተሰነጠቀ ዋልካና ያው የግራር ጥላ ነው። የተያዘው ሰው ለሳምንታት ያተኩሰዋል፣ ይከሳል፣ ደሙ ያንሳል፣ ጣፊያው አብጦ ሆዱን ይሞላዋል። ካልታከመ በአብዛኛው ይሞታል። ጥገኛ ተሕዋሲውን ስኮትላንዳዊው ሐኪም ዊልያም ሊሽማን በ1900 ከሞተ ወታደር ጣፊያ ውስጥ አይቶት ነበር፤ ያሳተመው ግን በ1903 ነው። በዚያው ዓመት ቻርልስ ዶኖቫን ማድራስ ላይ ያገኘውን አሳተመ፤ ሮናልድ ሮስም የሁለቱን ስም አጣምሮ ለተሕዋሲው ሰጠው። ሦስት ዓመት በመሳቢያ የቆየው ግኝት ለማን ምን እንዳስቀረ ማንም አስልቶ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ብዙ አሥርት ዓመታት የምሥራቅ አፍሪቃ ሕመምተኛ ዋና መድኃኒት ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ነበር። በየቀኑ አንድ ጊዜ፣ ለሠላሳ ቀን ይወጋል። መርፌው ያማል፤ ልብንና ቆሽትንም ሊጎዳ ይችላል። ሠላሳ ቀን ሙሉ ሐኪም ቤት መተኛት ለቀን ሠራተኛ ምን ማለት እንደሆነ መግለጽ አያስፈልግም፤ የወቅቱ ገቢ ሙሉ በሙሉ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ አጭር ሕክምና መፈለግ የቅንጦት ጥያቄ አልነበረም።

በ2003 የሱዳን፣ የኢትዮጵያ፣ የኬንያና የኡጋንዳ ተመራማሪዎች ካርቱም ላይ ተሰብስበው በካላ አዛር ላይ በጋራ የሚሠራ መድረክ መሠረቱ። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራቸው ፓሮሞማይሲን የተባለውን አሮጌ መድኃኒት መሞከር ሆነ። ተስፋው ትልቅ ነበር። ሕንድ ውስጥ ለሃያ አንድ ቀን ተሰጥቶ ከመቶ ወደ ዘጠና አምስት የሚጠጉትን አድኗልና ነው፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ሙከራው በ2004 ተጀመረ። ከቦታዎቹ መካከል በኢትዮጵያ ጎንደርና አርባ ምንጭ፣ በሱዳን ደግሞ በገዳሪፍ ግዛት ያሉት ካሳብና ኡም ኤል ኼር ይገኙበታል።

የዚህን ሥራ አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። ሕመምተኛው መድኃኒቱን የሚያገኘው በዕጣ ነው፤ ሐኪሙ አዝኖለት የተሻለ የመሰለውን መምረጥ አይፈቀድለትም። በሽታው መኖሩ የሚረጋገጠው ከንፍፊት፣ ከመቅኒ ወይም ከጣፊያ በመርፌ በተቀዳ ናሙና ነው። ሕክምናው ሲያልቅ ናሙናው ይደገማል። ከዚያ ሰውየው ይሸኛል። ግን ድኗል ተብሎ አይጻፍለትም። ካላ አዛር ተሸሽጎ የሚያገረሽ በሽታ ስለሆነ፣ ፍርዱ የሚሰጠው ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ ሲታይ ነው።

የጥናቱ ክብደት ያረፈው እንግዲህ በዚህ ቀጠሮ ላይ ነው። ደህና የሆነ ሰው ምን ብሎ ይመለሳል? ትኩሳቱ ጠፍቷል፣ ሆዱ ሟሟል፣ ጉልበቱ ተመልሷል። ቀጠሮው በአጨዳ ላይ የዋለ እንደሆነ የሚያጣው የቀን ገቢ አለ። የኖረበት እርሻ ሌላ፣ የተወለደበት መንደር ሌላ፣ በቀጠሮው ወር የሚገኝበት ቦታም ሌላ ሊሆን ይችላል። ያልተመለሰው ሰው ድኗል ተብሎ ሊጻፍ አይችልም፤ ሞቷል ተብሎም አይጻፍም። ብዙ ሰው ከጠፋ ጽሑፉ ራሱ ዋጋ ያጣል፤ ገምጋሚዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነውና። ለዚህም ሲባል የመጓጓዣ ገንዘብ ይሰጣል፣ የጎረቤትና የዘመድ ስም ይመዘገባል፣ የማይመጣውንም መንደሩ ድረስ ሄዶ የሚፈልግ ሰው ይላካል። በታተመው ጽሑፍ ውስጥ ይህ ሁሉ ድካም አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ሆኖ ይቀራል። የፈላጊው ስም ከደራሲያኑ ዝርዝር ውስጥ አይገኝም፤ ዕድለኛ ከሆነ ከግርጌው ምስጋና ላይ ይጠቀሳል። ይህ ልማድ ሊሻሻል የሚገባው ነው።

ውጤቱ በ2010 ታተመ። ቀዳሚው ደራሲ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አስራት ኃይሉ ሲሆኑ፣ ከሱዳን በኩል የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ዶክተር አሕመድ ሙሳ አብረዋቸው ነበሩ። በጠቅላላው ነባሩ መድኃኒት ከመቶ 92.2 ሲያድን ፓሮሞማይሲን ለብቻው ያዳነው 63.8 ብቻ ነበር። በገዳሪፍ የሆነው ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። በኡም ኤል ኼር ከመቶ 46.7፣ በካሳብ 14.3። በካሳብ የመጨረሻው ቁጥር ከሰባት ሕመምተኞች አንዱ ብቻ ዳነ እንደማለት ነው። ያው መድኃኒት፣ ያው መጠን፣ ሕንድ ውስጥ ሁሉንም ለማለት ጥቂት ሲቀረው ያዳነ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ተስፋ የተጣለበትን መድኃኒት አልሠራም ብሎ መጻፍ ለማንም አይቀልም። የገንዘብ ረጂው አይደሰትም። መጽሔቶችም በተለምዶ የሚወዱት የተሳካውን ነው፤ ያልተሳካው ጥናት በመሳቢያ ቀርቶ እንዳይረሳ ታላላቆቹ የሕክምና መጽሔቶች ከ2005 ጀምሮ ከመጀመሩ በፊት በይፋ ያልተመዘገበን የመድኃኒት ሙከራ አናትምም እስከ ማለት የደረሱት በዚሁ ምክንያት ነው። ቀላሉ መንገድ የአምስቱን ከተሞችና መንደሮች አማካይ ሰጥቶ ማለፍ ነበር። አማካዩ የካሳብን ሕመምተኛ ከሌላው ጋር ቀላቅሎ ይሰውረዋል። ደራሲያኑ ግን በየቦታው ለያይተው ጻፉት፤ የጽሑፉ ርዕስ ራሱ ስለ ቦታ ልዩነት የሚናገር ነው። ያ መለያየት ባይኖር ኖሮ ከሩቅ የተቀመጠ ባለሥልጣን በሕንድ ቁጥር ተመክቶ መድኃኒቱን ለገዳሪፍ ባዘዘ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው በአጭሩ ይነገራል። በሱዳን መጠኑን ከፍ አድርጎ ወይም ቀኑን አርዝሞ በተደረገ አነስተኛ ጥናት ከመቶ ሰማንያ ያህሉ ዳኑ፤ የተሻለ ነው፣ ግን አይበቃም። ሁለቱን መድኃኒቶች አጣምሮ ለአሥራ ሰባት ቀን መስጠት ግን ከሠላሳው ቀን ሕክምና ጋር ተቀራራቢ ሆነ፤ በ2012 በታተመው ጽሑፍ 91.4 ከ93.9 ጋር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ይህንኑ ጥምር ሕክምና ለአካባቢው መርጦ ነበር። አሥራ ሦስት የሕክምና ቀን የተቀነሰለት ሰው አሥራ ሦስት የሥራ ቀን አገኘ።

ታዲያ ጽሑፉ ያላስገባቸውም ነበሩ። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ሕመምተኞች በእነዚህ ሙከራዎች አልተካተቱም፤ በሁመራና በአብደራፊ የቀን ሠራተኞች ዘንድ ግን ሁለቱ በሽታዎች አብረው መገኘታቸው የታወቀ ነበር። ለእነርሱ የተለየ ጥናት በጎንደርና በአብደራፊ ተደርጎ በ2019 ታተመ፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም በ2022 ተከተለ። እጅግ የታመመው ሰው ተራው የደረሰው በመጨረሻ መሆኑ ልብ ይሏል።

የታተመ ሁሉ ደግሞ ይደርሳል ማለት አይደለም። በ2005 በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ከአዲስ ዘመን ከተማ አካባቢ፣ ሰው በትኩሳት ያልቅ ጀመር። መጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የተለማመደ ወባ ነበር። ሲመረመር ካላ አዛር ሆኖ ተገኘ። አገሩ ደጋማ ነው፤ በሽታው በዚያ አይታወቅም ነበር፤ ከሁመራ በሚመለሱ የቀን ሠራተኞች ሳይመጣ እንዳልቀረ ተገመተ። ስለ ሁመራ ካላ አዛር በዚያን ጊዜ ብዙ ተጽፏል። ከሰሊጡ እርሻ እስከ ሊቦ ከምከም ያለውን መንገድ ሠራተኛው በአውቶቡስ በቀናት ውስጥ ይጨርሰዋል፤ ጽሑፉ ግን በዓመታትም አልደረሰም። ምክንያቱ አንድ አይደለም። በዚያ ዘመን መጽሔት በገንዘብ ይገዛ ነበር። ለድኻ አገሮች ተቋማት በነፃ ወይም በቅናሽ የሚከፍተው ሂናሪ የተባለው አገልግሎት የተጀመረው በ2002 ነው፤ እርሱም ኮምፒውተርና መስመር ላለው ተቋም ነው። የ2010 እና የ2012 ጽሑፎች የወጡበት መጽሔት ከ2007 ጀምሮ ለማንም ክፍት መሆኑ ይህን ክፍተት ለማጥበብ ረድቷል።

ቋንቋው ግን እንዳለ ነው። ሕመምተኛው ወደ ጥናቱ ከመግባቱ በፊት የሚፈርመው የስምምነት ቅጽ በሚገባው ቋንቋ መዘጋጀት አለበት። ጎንደር ላይ በአማርኛ፣ ገዳሪፍ ላይ በዐረብኛ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያንን ካላየ ጥናቱ አይፈቀድም። ማንበብ የማይችል እንደሆነ በምስክር ፊት ይነበብለትና በጣቱ ያትማል። ደም የሚጠየቅበት ወረቀት እንዲህ በጥንቃቄ ይተረጎማል፤ የተገኘው ውጤት የሚነገርበት ጽሑፍ ግን በእንግሊዝኛ ታትሞ በእንግሊዝኛ ይኖራል። ውጤቱን በሁለት ገጽ አማርኛና በሁለት ገጽ ዐረብኛ ጽፎ በየጤና ጣቢያው መለጠፍ የሚጠይቀው ወጪ ከአንድ ጉባኤ የምሳ ሒሳብ የሚበልጥ አይመስልም። የሚያስገድድ ደንብ ስለሌለ ግን ማንም ለነገ አይለው፣ ለዛሬም አያደርገው።

በ2023 የታተመው ሌላ ጽሑፍ መርፌውን ወደ አሥራ አራት ቀን አውርዶታል። አሮጌው ስቲቦግሉኮኔት ቀርቶ ፓሮሞማይሲን በአፍ ከሚወሰደው ሚልቴፎሲን ጋር ተጣምሯል። በአራቱ አገሮች 439 ሕመምተኞች ተሳትፈው፣ አዲሱ ጥምር ሕክምና ከመቶ 91.2፣ የአሥራ ሰባት ቀኑ ደግሞ 91.8 አድኗል። ልዩነት የለውም ማለት ይቻላል፤ የልብ ጉዳት የሚያሠጋው መርፌ ግን ቀርቷል። የሱዳኖቹ ሕመምተኞች የተገኙት ከዚያው ከገዳሪፍ ነው።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ የሱዳን ጦርነት ተነሣ። መድረኩ የተመሠረተባት ካርቱም የጦር ሜዳ ሆነች፤ ነዋሪዋም ተበትኖ ከፊሉ ወደ ገዳሪፍና ወደ ከሰላ መጣ፣ ሌላውም በገላባት አድርጎ ወደ መተማ ተሻገረ። በዚያ ወር በገዳሪፍ መርፌ የጀመረ ሰው የስድስት ወር ቀጠሮው ጥቅምት ላይ ይውላል። ጥቅምት በዚያ ቆላ የአጨዳ ወር ነው።